ኧረ ግማሽ ሚሊ ሜትሯን አትንኩብን

ወረቀት ቆርጦ፣ አጥፎና አጣብቆ ታንክ የሚሠራ ሰው ብዙ ነገር አይጠይቅም። ንድፉን ያወጣው ሰው ልኩን ጠብቆ እንዲያወጣለት፣ የሚያትምለት ሰው የተሰጠውን ልክ ሳያሳንስና ሳያተልቅ እንዲያትምለት፣ ወረቀት ሻጩም የሚሸጠውን ወረቀት ውፍረት አውቆ እንዲሸጥለት ነው ልመናው ሁሉ። ሦስቱ ባንድ ላይ ሲሟሉ ግን አላየሁም። በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ወደዚሁ ጉዳይ እንገባለን። አንዱ የጎኑና የወለሉ ክፍል አልገጥም ብሎት ይቃጠላል፤ ሌላው ቀለሙ ኮላ ሲነካው ፈስሶበት ያዝናል፤ ሌላው ደግሞ ሰንሰለቱ አጥሮበት የጀመረውን መደርደሪያ ላይ ጥሎታል። የሁላችንም እሮሮ ሲጠቃለል አንድ ነው፤ የሚለካ ሰው ጠፋ።

እኔን አሁን የያዘኝ ታይፕ 94 የሚባለው የጃፓን ጦር ታንኬት ነው። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክብደቱ ሦስት ቶን ተኩል የማይሞላ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ከ62 የሆነ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ነው። አጠገቡ ቢቆሙ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። 35 የፈረስ ጉልበት ባለው፣ በአየር በሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ይሄዳል። ከላይ ከኋላ በኩል ባለችው ትንሽ ዟሪ ማማ ላይ አንድ መትረየስ ተተክሏል። ከ800 በላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በቻይና ምድር እግረኛውን ጦር እየተከተለ ተዋግቷል።

ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። ጃፓኖች በዚያን ጊዜ መሣሪያቸውን ይሰይሙ የነበረው በራሳቸው የንጉሠ ነገሥት ዘመን አቆጣጠር የመጨረሻ አኃዞች ነው። 94 ማለት 2594 ነው፤ በአውሮፓውያን 1934፣ በእኛ ደግሞ ከ1926 ወደ 1927 የተሻገርንበት ዓመት። የራሱን ዘመን ለሚቆጥር አገር ሰው ይህ አይከብደውም። የሚያስመርረው በዚያ ዓመት የተመዘገበው መሣሪያ ሁሉ 94 መባሉ ነው። ታይፕ 94 ሽጉጥ አለ፤ ታይፕ 94 ባለ 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ አለ፤ ታይፕ 94 የተራራ መድፍ አለ፤ ታይፕ 94 ባለ ስድስት ጎማ የጭነት መኪና አለ። የኋላ በሩን ማጠፊያ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ልፈልግ ብለህ ስትቀመጥ ማታህ በሽጉጥ ፎቶ ያልቃል። ሻጮቹም ለይተው አይጽፉም፤ 94 ብለው ይለጥፉና የቀረውን ለገዢው ይተዉታል።

ወደ ልኩ ልምጣ። የወረቀት ታንክ በአብዛኛው የሚሠራው ከእውነተኛው 25 ጊዜ አንሶ ነው። ታይፕ 94 በዚህ ስሌት ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ይሆንና መዳፍ ላይ ይቀመጣል። የብረቱ ውፍረት፣ ወፍራም በሚባለው ቦታ፣ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ለ25 ሲካፈል 0.48 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካርቶን በምላጭ ስትቆርጥ የምትቆርጠው የዚያን ብረት ትክክለኛ ውፍረት ነው። የጀርመን ወይም የሶቭየት ከባድ ታንክ ሲሠራ ካርቶን በካርቶን ላይ ይደረባል፤ እዚህ ግን አንዱ ንጣፍ ራሱ ጋሻው ነው። በጣትህ ይዘህ ስታየው ሁለት ወጣቶች በምን ውስጥ ተቀምጠው ወደ ጥይት ይነዱ እንደነበር ይገባሃል። ይህን ስስ ብረት እንኳ የሚበሳ መሣሪያ በእጁ ያልነበረው የቻይና እግረኛ ወታደር ደግሞ ፊት ለፊቱ ሲመጣበት ምን እንደተሰማው ታስባለህ። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ስለዚህ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትሯን ያበላሸ ሰው የሚያበላሽብኝ ይህንን ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ታንኬት ባዕድ አይደለም። የዘር ሐረጉ ወደ እንግሊዙ ካርደን ሎይድ ይደርሳል። እንግሊዞች ያንን ትንሽ ተሽከርካሪ ለብዙ አገር ሸጠውት ነበር፤ ጃፓን ገዝታ መረመረችውና ታይፕ 94ን አወጣች፤ ጣሊያንም ገዝታ ሲቪ 33 የተባለውን ሠራች። ሲቪ 33 ማለት በ1928 ዓ.ም. በሰሜን በኩል የመጣብን ነው። መትረየሱ ፊት ለፊት የተሰካ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የማይዞር ነበር። በታኅሣሥ ወር ደምበጉይና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች በዚያ ጉድለቱ ገቡበት፤ በጎንና በኋላ ተጠግተው፣ ላዩ ላይ ወጥተው፣ በርካቶቹን ከጥቅም ውጪ አደረጓቸው። የጃፓኑ ዘመድ የሚለየው በዚህችው ዟሪ ማማ ነው። ስለዚህ ማማዋን ስጠቀልል እጄ ላይ ያለው ተራ ጌጥ አይደለም፤ የእኛ አያቶች የተጠጉበት ክፍተት የተደፈነበት ክፍል ነው። እሷ ተጣማ ስትቀር እንዴት አልናደድ?

አሁን የኅትመቱን ነገር ልናገር። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ ገና ሳልቀመጥ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ «እባክሽ እህቴ፣ መጠኑ መቶ በመቶ ይሁን፤ አታሳንሽው።» «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» ትላለች። ልጅቷ ታዛዥ ናት፣ ክፋት የለባትም። ፕሪንተሩ ግን ምስሉን ከወረቀቱ ጋር ራሱ እንዲያመቻች አስቀድሞ ተሞልቷል፤ ያንን ምልክት ካላነሱለት ሁሉንም ወደ 97 በመቶ ያወርደዋል። ዓይን አያየውም፤ ማስመሪያ ግን ያየዋል። 12 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ጎን ከሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ይጎድለዋል። አውጥቼ ለክቼ ሳሳያት «ኧረ ጋሼ፣ ያው ነው እኮ! ምን ልዩነት አለው?» ትለኛለች። ለመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ልዩነት የለውም፤ ልክ ናት። ለእኔ ግን ከሌላው ገጽ ጋር ነው የሚገጥመው። ሁሉም ገጽ እኩል ቢያንስ እንኳ ትንሽ ታንክ ሠራሁ ብለህ ትቀመጣለህ። የሚጎዳው ቀለም አልቆ ግማሹ በሌላ ማሽን ሲወጣ ነው፤ ወለሉ በ97፣ ጎኑ በመቶ ይመጣና አራቱ ማዕዘኖች የትም አይገናኙም። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ፋይል ከሆነማ የባሰ ነው፤ የነሱ ገጽ 279 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፣ የእኛ ኤ4 ደግሞ 297፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ማሽኑ እንደፈቀደው ይለጥጠዋል ወይም ይቆርጠዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ንድፍ አውጪዎች በየገጹ ጥግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት መስመር ቢያስገቡ አታሚውም እኛም በአንድ ደቂቃ ለክተን እንተማመን ነበር። የሚያስገቡ አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የማያስገቡት ግን ይበዛሉ፤ አንዳንዱ ከዚያች መስመር ይልቅ የራሱን ምልክት በትልቁ ያትማል።

ወረቀቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። 160 ግራም ስትል 120 ይሰጡሃል፤ 200 ስትል ፊቱ በሰም የተቀባ፣ ኮላ የማይዝ የሰርግ ካርድ ወረቀት ያመጡልሃል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቃጫው ነገር ነው። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ ማሽኑ በሚጓዝበት አቅጣጫ ይተኛሉ። ቃጫው ከጥቅሉ ቁመት ጋር እኩል ከቆመ ወረቀቱ ይታዘዝልሃል፣ ክብ ሁን ስትለው ክብ ይሆናል። ቃጫውን አቋርጠህ ስትጠቀልለው ግን እዚህም እዚያም ይሰበርና ክብ የነበረው ማዕዘን ያወጣል። አሳታሚው ይህን ያውቃል፤ ማወቅም አለበት፤ ሥራው ነው። ሆኖም ገጽ ለመቆጠብ ሲል ቁርጥራጮቹን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይሰገስጋቸዋል፤ ስለዚህ የማማዋ ግድግዳ ቃጫውን አቋርጦ ይመጣልሃል። በብዕር ክዳን ላይ ቀስ እያልክ እያሸህ፣ በትንፋሽ እያረጠብክ ስታባብለው ታመሻለህ፤ መጨረሻው ላይ ቀለሙ መካከል ላይ ይሰነጠቃል።

ማማዋ ላይ ሌላም አለ። ከውስጥ የሚደግፍ ጥቅል፣ ከውጭ የሚያለብስ ጥቅል አላት። ንድፉን በኮምፒዩተር ያወጣው ሰው ለወረቀቱ ውፍረት ቦታ አልሰጠውም፤ በስክሪኑ ላይ ወረቀት ውፍረት የለውማ። የወረቀቱ ውፍረት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን የውጪው ጥቅል ዙሪያ ከ1.2 ሚሊ ሜትር በላይ መርዘም ነበረበት። ያልረዘመ ጥቅል ሲለብስ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ በማማዋ ጀርባ ላይ ነጭ ስንጥቅ ይቀራል። ይህን ስሌት ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የክብ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰላ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ለገንዘብ የሚሸጥ ንድፍ ላይ ይህን መዝለል ለሠሪው ደንታ ማጣት ነው።

የኮላውን ነገር ሁላችንም ስለምናውቀው አላረዝመውም። ነጩ ኮላ ውሃ ስላለው ወረቀቱን ያጎብጠዋል፤ ፈጣኑ ኮላ ጠልቆ ገብቶ የዘይት ጠብታ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ የጫማ ሠሪው ኮላ ክር ያወጣል። ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ የሚታየውን ደግሞ በውሃ ቀለም መቀባት ግድ ነው፤ የታተመውን ቀለም የሚመስል ቀለም ግን ከስብስቡ ጋር አይመጣም።

ወደ እግሮቹ ስንወርድ እሮሮው ይበረታል። ታይፕ 94 ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ የወጣው ላይ ከኋላ ያለችው የሰንሰለት መወጠሪያ ጎማ ትንሽና ከመሬት ከፍ ያለች ነበረች። በፍጥነት ሲታጠፍ ሰንሰለቱ እየወለቀ ስላስቸገረ በኋላ የተሠራው ላይ ይህች ጎማ ትልቅ ሆና መሬት እንድትነካ ተደረገች። አንዱን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ነው። እኔ የያዝኩት ንድፍ ሽፋኑ ላይ የመጀመሪያውን ይስላል፣ ውስጡ የሁለተኛውን ጎማ ይሰጣል፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ደግሞ ለመጀመሪያው የተሰላ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ? ጎማውን ሲያሳንሱ መቀመጫው ይላላል፤ ሰንሰለቱን ሲያረዝሙ ተጨማሪ ቁራጭ የለም።

የጎማዎቹ የሞላ ሥርዓት የታንኬቱ ጌጥ ነበር። ቶሚዮ ሃራ የተባለው የጃፓን ጦር መኮንንና መሐንዲስ ያወጣው ነው፤ ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በክንድ ይያዛሉ፣ ክንዱ በጎን ላይ አግድም የተኛውን ጥቅልል ሞላ ይገፋል። ቀላል፣ ርካሽና የሚሠራ ነገር ስለነበር በኋላ በታይፕ 95 እና በታይፕ 97 ታንኮች ላይም ዘልቋል። በዚህ ተሽከርካሪ ላይ ሰው አስቦ የሠራው ነገር ይታይ ከተባለ ይኼ ነው። ንድፉ ላይ ግን ክንዱ በጎኑ ላይ የታተመ ግራጫ ሥዕል ሆኖ ቀርቷል! እንደ ግድግዳ ሰዓት ሥዕል፣ ሰዓት የማይቆጥር። ስለዚህ ከ1 ሚሊ ሜትር ካርቶን ክንዱን ቆርጬ፣ ቀጭን ሽቦ በወስፌ ላይ ጠምጥሜ ሞላውን አበጀሁ፤ በወረንጦ ይዤ አስቀመጥኩት። ያማረ ሆኗል። ሆኖም ይህ የገዢው ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ሪቪቱም እንደዚሁ ነው። ብረቱ የተያያዘው በከፊል በብየዳ፣ በከፊል በሪቪት ነው። በነጥብ የታተመ ሪቪት ብርሃን ሲያርፍበት ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ከመቁረጥ በፊት በጀርባው በኩል በመርፌ ደንዳና ጫፍ አንድ በአንድ ሲጫኑት ከፊት ብቅ ይላል፤ ለዚህ ግን ነጥቦቹ ከገጹ ጀርባም መታተም አለባቸው። አልታተሙም። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፎ በፀሐይ ብርሃን እያዩ ማመልከት ብቻ ነው ያለው፤ ደመና ከሆነ ያም የለም።

ሰንሰለቱን በትዕግሥት ልናገር። እያንዳንዷ ቁራጭ ከጥፍር የምታንስ ናት፤ ትቆረጣለች፣ ትታጠፋለች፣ ጥርስ ይለጠፍባታል፣ ጠርዟ ይቀባል፣ ከጎረቤቷ ጋር ትያያዛለች። ሥራው አሰልቺ ነው ብዬ አላማርርም፤ ወድጄ የገባሁበት ነው። የማማርረው ከፊት ያለው ጥርሳም መንኮራኩር የጥርሶቹ ርቀት ከሰንሰለቱ ቀዳዳ ርቀት ጋር አለመገጣጠሙን ነው። ሦስተኛው ጥርስ ድረስ ይገባል፤ አራተኛው ላይ ይሸሻል። ይህን የሳለው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ ቆርጦ አልሞከረውም። ሳይሞክሩ መሸጥ ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ቀለም ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እንደ ምኞቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ብዙዎቹ የጃፓን ብረት ለበሶች ቡናማ፣ አረንጓዴና አፈርማ ቀለም እየተቀቡ፣ በላዩ ላይ ቅርጹን ለማደናገር ቢጫ ሰንበር ይሰመርባቸው ነበር። ሰንበሩ በእጅ፣ በብሩሽ የተሰመረ ነው። ንድፉ ላይ ያለው ቢጫ ግን የሎሚ ቢጫ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ በዚያ ላይ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር መስመሩ አይቀጥልም። ጎኑ ላይ የጀመረው ሰንበር ፊቱ ላይ ሲደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወርዷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋ ነው አንጀት የሚያቃጥለው። የወረቀት ሞዴል የድሃ ልጅ ጨዋታ ነበር። በጃፓን ሾኔን ኩራቡ የተባለው የልጆች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1932 የሚካሳ የጦር መርከብን ትልቅ የወረቀት ሞዴል ከመጽሔቱ ጋር አያይዞ አውጥቷል። በእንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንጨትና ብረት ሲጠፋ በካርድ ላይ የታተሙ ጥቃቅን ሞዴሎች ነበሩ የልጁም የአዋቂውም መጽናኛ። በፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ማዊ ሞዴላሽ የተባለው መጽሔት ይህንኑ በርካሽ ለሕዝብ አዳርሷል። መቀስና ኮላ ያለው ሁሉ ይችለው ነበር። ዛሬ ንድፉን ትገዛለህ፤ ውስጡን የሚደግፈው ካርቶን በሌዘር የተቆረጠ ሌላ ዕቃ ነው፣ ለብቻው ይሸጣል፤ ሰንሰለቱ በሌዘር የተቆረጠ ሌላ ነው፤ የመትረየሱ አፈሙዝ ከነሐስ የተቀረጸ ሌላ ነው። ሲደመር ከፕላስቲክ ሞዴል ዋጋ ይበልጣል። የአንዱ አሳታሚ ካርቶን ደግሞ ከራሱ ንድፍ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ደርሶብናል።

ሰዎችም አሉ። «ለልጅህ ነው?» ይሉሃል። «ተሠርቶ ያለቀ አሻንጉሊት እያለ ለምን ትደክማለህ?» ይሉሃል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ «የጃፓን የጦር መሣሪያ ምን ያደርግልሃል?» የሚለው ነው፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነውና መልስ አለኝ። የእኛ ሰዎች አንድ ጊዜ ወደ ጃፓን በተስፋ አይተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 የመልእክተኞች መሪ ሆነው ሄደው ነበር፤ ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። በሄዱበት ዓመት የጃፓን ጦር ማንቹሪያን ወርሮ ነበር። ይህ ታንኬት ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 መገባደጃ፣ ያቺው ጃፓን ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበለች። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጃፓን በሁለቱም ፊቷ ማወቅ ለእኛ ተገቢ ነው፤ አንዱ ፊቷ በመጽሐፍ አለልን፣ ሌላኛው በእንዲህ ያለው ብረት ላይ ነው ያለው። ብረቱን ሠርቼ የማየው ላደንቀው አይደለም፤ በትክክል ላውቀው ነው። በትክክል የሚታወቅ ነገር ደግሞ በትክክል መለካት አለበት።

እስከ አሁን ያልተናገርኩት ትልቁን ነው። ይህ ተሽከርካሪ መጀመሪያ የታሰበው ለውጊያ አልነበረም። «ልዩ ጎታች» ተብሎ ነበር የተነደፈው፤ ሥራውም በጥይት መካከል እያለፈ ግንባር ላይ ላለው እግረኛ ጥይትና ስንቅ ማድረስ ነበር። ለዚህም ከኋላው የሚጎተት፣ የራሱ ሰንሰለት ያለው ትንሽ ተጎታች ተሠርቶለታል። ታንኬቱ ያለ ተጎታቹ ግማሽ ታሪክ ነው። ንድፉ ላይ መጎተቻው መንጠቆ አለ፤ በጥንቃቄ ተስሏል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ከሦስት ቁራጭ ይሠራል። ተጎታቹ ግን የለም! ፎቶዎቹም አይረዱህም፤ ያገኘኋቸው ሁሉ ከፊት ወይም ከፊት ጎን የተነሡ ናቸው፣ ከኋላ ያለው ተቆርጦ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ «የተሟላ» የሚል ጽፈዋል። ከማስታወቂያ ገጾቻቸው አንዱን ለቀቅ አድርገው ተጎታቹን ቢያስገቡበት ኖሮ ምን ይጎድልባቸው ነበር? አንድ ገጽ ወረቀት ነው የሚፈጀው፤ ያትሙልን።